የጀልባ የብሎን ቀዳዳ በሲሊኮን አይደፈንም
ከፋይበርግላስ ጀልባ ላይ አሮጌ ዕቃ ነቅላችሁ የብሎን ቀዳዳዎች ከቀሩ፣ እጃችሁ ወደ ሲሊኮን እንዳይሄድ። ለጊዜው ውሃ ያቆም ይሆናል፤ ቅሪቱ ግን በኋላ ኢፖክሲም (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) ሆነ ቀለም እንዳይዝ ያደርጋል፣ እሱን ፍቆ ማጽዳት ደግሞ ትዕግሥት ያስጨርሳል። ይልቅ ቀዳዳውን ወፈር ባለ መሰርሰሪያ አስፉት፤ የአፉንም ጠርዝ ወደ ውጭ እየሰፋ እንዲሄድ ትንሽ ሞርዱና በአሴቶን ጥረጉ። ውስጡ ርጥበት ካለው እስኪደርቅ ጠብቁ። መጀመሪያ ቀጭን ኢፖክሲ ቀቡ፤ እሱ ሳይጠነክር በሲሊካ ዱቄት እንደ ለውዝ ቅቤ የወፈረ ኢፖክሲ ሙሉበት። ከላይ ጥቂት ትርፍ ተዉለት፤ ሲጠነክር በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። ከውሃ መስመር በታች ሆኖ ዘልቆ የሚያልፍ ሰፊ ቀዳዳ ከሆነ ግን በዚህ ብቻ አትመኑ፤ ዙሪያውን ወደ ቀዳዳው እየሳሳ እንዲሄድ ሞርዳችሁ የፋይበርግላስ ጨርቅ ደርቡበት።