«ቤቢ ማይን»ን ስትዘፍኑ እባካችሁ አትጩኹ

ድምፅ ሳሠለጥን ተማሪዎች ደጋግመው ይዘውልኝ የሚመጡት አንድ እሹሩሩ አለ። እ.ኤ.አ. በ1941 ከወጣው የዲዝኒ «ዳምቦ» ፊልም የተወሰደው «ቤቢ ማይን» ነው። በጣም እወደዋለሁ፤ ለዚህም ነው ሲበላሽ ዝም ማለት የማልችለው።

ትልቁ ስህተት ጩኸት ነው። በቀደም አንዲት ጎበዝ ልጅ አሳምራ ጀመረች፤ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ግን ድምጿን ለቀቀችው፣ የውድድር መድረክ ላይ የቆመች ይመስል። ኧረ ልጁ ሊተኛ ነው! ትዕይንቱን እዩት እስቲ። እናትየው ዝሆን በጆሮው የሚቀልዱበትን ልጇን ዳምቦን ስለተከላከለች «አብዳለች» ተብላ ጋሪ ውስጥ በሰንሰለት ታስራለች። ዳምቦ በሌሊት ሊጠይቃት ይመጣል። መተያየት እንኳን አይችሉም፤ በፍርግርጉ በኩል የሚወጣው ኩምቢዋ ብቻ ነው። በእሱ አቅፋ ታወዛውዘዋለች። ሌሎቹ እንስሳት ደግሞ ከነልጆቻቸው ተቃቅፈው ተኝተዋል። እዚህ ውስጥ ጩኸት የሚገባው የት ጋ ነው? ቤቲ ኖይስ ፊልሙ ላይ ስሟ እንኳን ሳይጻፍ የዘፈነችውን ስሙት፣ አንዴም አትጮህም።

ሌላው ስህተት፣ ሌሎች ዘፋኞች በኋላ ደግመው ከዘፈኑት ቅጂ ብቻ መማር። ቤቲ ሚድለር እ.ኤ.አ. በ1988 «ቢችስ» ለተባለው ፊልም ስለዘፈነችው የእሷ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ቆንጆ ነው፣ ግን መጀመሪያ የፍራንክ ቸርችልን ዜማ ከምንጩ ስሙት። ከቅጂዎቹ ለጀማሪ የምመክረው የአሊሰን ክራውስን ነው፤ ድምጿን እንዴት እንደምትቆጥብ ልብ በሉ።

እያለቀሱ መዝፈንም አለ። ይሄን እኔም አድርጌዋለሁ። የእህቴን ልጅ ታቅፌ ጀመርኩትና ሆዴ ባባ፣ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ሊተኛ የነበረው ልጅ ዓይኑን ገልጦ አብሮኝ አለቀሰ። ግጥሙ «አታልቅስ» እያለ ዘፋኙ ካለቀሰ ሕፃኑ ማንን ይመን? ከዚያ ወዲህ ስሜቱን ቤቴ ለብቻዬ እጨርሰዋለሁ፣ ከዚያ ነው ለሰው የምዘፍነው።

ኪዩን፣ ማለትም የምትዘፍኑበትን የድምፅ ከፍታ፣ ዝቅ አድርጉት፤ የምታወሩበት ድምፅ አካባቢ ይሁን።

ፍጥነቱን ደግሞ ምት ከሚቆጥረው መሣሪያ ከሜትሮኖም አትውሰዱ። ሕፃን አዝላችሁ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ በሉ፤ እግራችሁ የሚሄድበት ልክ ነው።