የቃላት ጥያቄ ወደ አልጀብራ፦ መጨረሻውን ሳታነቡ እርሳስ አታንሱ

ብዙ ተማሪ ቁጥሮቹን በተጻፉበት ተራ ይደረድራቸዋል። «5 ከአንድ ቁጥር ሲቀነስ» የሚለውን ያይና ቁጥሩን ቀ ብሎ 5 − ቀ ይጽፋል። ልክ አይደለም። የሚቀነስበት ቁጥር «ከ» ያለበት ነው፤ እሱ ይቀድማል። ስለዚህ ቀ − 5። «ከአንድ ቁጥር 5 ሲቀነስ» ቢባልም ያው ነው።

መጀመሪያ ለማይታወቀው ፊደል ስጡት። ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ዋ ብር ነው እንበል። ዋ ጤፉ አይደለም፣ ኩንታሉም አይደለም፣ የብሩ ቁጥር ነው። ይቺን ያልያዘ ልጅ ኋላ ላይ ኪሎና ብር ሲደምር ታገኙታላችሁ።

ቡሬ ላይ በ200 ብር ይረክሳል ከተባለ የቡሬው ዋ − 200 ነው። ይሄ ቀላል ነው። አሁን ደግሞ ጥያቄው እንዲህ ቢመጣስ? «የማርቆሱ ዋጋ ዋ ብር ነው፤ ከቡሬው በ200 ብር ይበልጣል። የቡሬው ስንት ነው?» «ይበልጣል»ን አይታችሁ እንዳትደምሩ! የሚበልጠው ማርቆስ ነው፣ የተጠየቀው ቡሬ፤ መልሱ አሁንም ዋ − 200 ነው። ልጆችን «ይበልጣል ሲል ደምር፣ ያንሳል ሲል ቀንስ» እያሉ ማስሸምደድን አጥብቄ የምቃወመው ለዚህ ነው። ማን ከማን እንደሚበልጥ ይጠይቁ።

ቅንፍ ላይ ቀስ በሉ። ሦስት ኩንታል የገዛ ሰው ለጫኝና አውራጅ በጠቅላላው 50 ብር ከከፈለ ወጪው 3ዋ + 50 ነው። በየኩንታሉ 50 ከከፈለ ግን 3(ዋ + 50)፣ ማለትም 3ዋ + 150። «በየ» ብቻዋን 100 ብር ጨመረች።

ቅንፍ የት እንደሚገባ የሚነግራችሁ የሐረጉ መጨረሻ ነው። በአማርኛ ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ቃል የመጨረሻው ስሌት ነው። «የአንድ ቁጥርና የ4 ድምር ሦስት እጥፍ» የሚያልቀው በእጥፍ ነው፤ መጀመሪያ ተደምሮ ኋላ ይባዛል፣ 3(ቀ + 4)። «የአንድ ቁጥር ሦስት እጥፍ እና የ4 ድምር» ግን በድምር ስለሚያልቅ 3ቀ + 4 ነው። ቀ 10 ቢሆን የመጀመሪያው 42፣ ሁለተኛው 34 ይሆናል።

እስቲ ይሄን ሞክሩ፦ «የአንድ ቁጥር እጥፍ ከ20 ሲቀነስ፣ የቀሪው ግማሽ»። «ከ» 20 ላይ ነው፣ 20 ይቀድማል። መጨረሻው ግማሽ ነው፣ ማካፈሉ ወደ ኋላ ይቆያል። (20 − 2ቀ) ÷ 2። ከጻፋችሁ በኋላ በቀ ቦታ 6 አስገቡ፤ በቃሉ ስታሰሉትም በቀመሩ ስታሰሉትም 4 ካልመጣ ቅንፉን እንደገና እዩት።