በተራ ብርሃን የተሰወረ የጋላክሲ እምብርትን በኤክስሬይ እንዴት መለየት ይቻላል

ጋዝ የሚውጥ ግዙፍ ብላክ ሆል በጋላክሲው ስፔክትረም (በሞገድ ርዝመት ተዘርዝሮ በሚታየው ብርሃን) ላይ አብዛኛውን ጊዜ ደማቅ መስመሮችን ይተዋል። አንዳንዱ ጋላክሲ ግን የከዋክብት ብርሃን ብቻ ያሳይና በኤክስሬይ ሲታይ መሃሉ ቦግ ይላል። መመለስ ያለበት ጥያቄ፦ እምብርቱ በጋዝና በአቧራ ተቀብሮ ነው ወይስ በከዋክብቱ ብርሃን ተውጦ? መነሻ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ህዋ የተላከው የቻንድራ ቴሌስኮፕ መዝገብ ነው፤ ለሁሉም ክፍት ነው።

መጀመሪያ ቦታውን ያረጋግጡ። ቻንድራ በምስሉ መሃል ግማሽ አርክ ሰከንድ (አንድ አርክ ሰከንድ የዲግሪ 1/3600 ነው) ያህል ይለያል፤ ወደ ጠርዙ ግን ነጥቡ ይሰፋል። ኤክስሬዩ ከእምብርቱ ፈቀቅ ካለ ምንጩ ጥንድ ኮከብ ወይም ከኋላ ያለ ኳዛር (የሌላ ሩቅ ጋላክሲ ደማቅ እምብርት) ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ድምቀቱን ያስሉ። ከ2 እስከ 10 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (ኪኤቮ፣ የኤክስሬይ ኢነርጂ መለኪያ) ባለው ክልል በሰከንድ ከ10⁴² ኤርግ (ሌላ የኢነርጂ መለኪያ) ካለፈ፣ ከዋክብት ብቻቸውን አያመነጩትም ማለት ይቻላል።

ከዚያ የ0.5–2 ኪኤቮ (ለስላሳ) እና የ2–7 ኪኤቮ (ጠንካራ) ፎቶኖችን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣቶችን፣ ይቁጠሩ። ከጠንካራው ለስላሳውን ቀንሰው ለድምራቸው ያካፍሉ። ጋዝ ለስላሳውን ቀድሞ ስለሚውጥ፣ ውጤቱ ከዜሮ በላይ ከሆነ መቀበሩን ይጠርጥሩ። በቻንድራ ካሜራ ማጣሪያ ላይ ባለፉት ዓመታት ቆሻሻ ስለተጠራቀመ የ2000ን ቁጥር ከ2020ው ጋር በቀጥታ አያወዳድሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስፔክትረሙን ከሞዴል ጋር ሲያዛምድ ነው። ፎቶኖቹ ጥቂት ከሆኑ በ20 በ20 አይቧድኑ፤ ሞዴሉ ምን ያህል እንደገጠመ ለመለካት ብዙ ፎቶን የሚፈልገውን ካይ ስኩዌርን ትተው ለጥቂት ፎቶኖች የሚሆነውን ሲ-ስታት ይጠቀሙ። የስፔክትረሙን ተዳፋት (ፎቶኖቹ ኢነርጂ ሲጨምር የሚቀንሱበትን ፍጥነት) በ1.8 አስረው የጋዙን መጠን ግን ስሌቱ እንዲያገኘው ይልቀቁ። ሬድሺፍቱን (በህዋ መስፋፋት ምክንያት የብርሃኑ ሞገድ የተለጠጠበትን መጠን) ከረሱ፣ ሬድሺፍት 1 ላይ ያለ ጋላክሲ ጋዙ ወደ 6 እጥፍ አንሶ ይታያል።

ትልቁ ወጥመድ ጋዙ በስኩዌር ሴንቲሜትር ከ1.5×10²⁴ አተም ሲያልፍ ነው። ያኔ ከ10 ኪኤቮ በታች በቀጥታ የሚመጣው ብርሃን ይጠፋና የተንጸባረቀው ብቻ ይቀራል፤ ስሌቱም "ጋዝ የለም፣ ምንጩም ደካማ ነው" ይላል። የሚያጋልጠው በ6.4 ኪኤቮ ጎልቶ የሚወጣው የብረት መስመር ነው፤ ሬድሺፍቱ 0.5 ከሆነ 4.3 አካባቢ ይፈልጉት። በዚህ ጊዜ እስከ 79 ኪኤቮ የሚያየው የኑስታር የህዋ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ኤንጂሲ 4945 የተባለው ጋላክሲ ከ10 ኪኤቮ በላይ ባይታይ ኖሮ የእምብርቱ ኃይል አይታወቅም ነበር።

ጋዙ ከ10²² በታች ሆኖ የብረቱም መስመር ከሌለ እምብርቱ አልተቀበረም። በመሣሪያው ጠባብ የብርሃን ማስገቢያ ስንጥቅ መሃሉን ብቻ ይዘው የተራ ብርሃኑን ስፔክትረም እንደገና ያንሱ። መስመሮቹ ብቅ ካሉ ሸፍኗቸው የነበረው የከዋክብቱ ብርሃን ነው፤ አሁንም ከሌሉ ብላክ ሆሉ በዙሪያው ያለውን ጋዝ የሚያበራ በቂ አልትራቫዮሌት አያመነጭ ይሆናል።