ቃል አልባ ዘጋቢ ፊልም ስንሠራ በሙዚቃ ላይ የምንፈጽማቸው ስህተቶች

በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ወጣቶች የሚሠሯቸውን ተራኪ የሌላቸው አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች እያየሁ አስተያየት መስጠት ከጀመርሁ ዓመታት ተቆጥረዋል። አብዛኞቹ ካሜራውን በሚገባ ይይዛሉ፤ የጮቄን ተራራ በጉም፣ ጣናን በንጋት ብርሃን ያነሡበት ሥራ ብዙ ጊዜ እንከን አይወጣለትም። ጉድለቱ የሚጀምረው ድምፁ ላይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ትዕግሥቴን የጨረሰውን ስህተት ነው፤ እርሱም ተራኪውን አስወጥቶ ዘፋኝ ማስገባት ነው። ግጥም ያለው ዘፈን ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ ፊልሙ ቃል አልባ መሆኑ ቀርቷል። የጎጃም ተመልካች የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ በሚወሳበት አገር፣ ሰምና ወርቅ ሲፈታ እየሰማ ያደገ ስለሆነ፣ ስንኝ በሰማ ቁጥር ልቡ ወደ ፍቺው ይሄዳል፤ በዚያች ቅጽበት ገበሬው ሞፈሩን ቢያነሣ፣ ሴትዮዋ እንስራዋን ከጀርባዋ ብታወርድ አያያቸውም። «ድምፃዊውን አውጥቼ ዜማውን በዋሽንት ብቻ አስነፋሁት» የሚሉኝም አሉ። ዜማው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ከሆነ ተመልካቹ ግጥሙን በልቡ ይሞላበታልና ይህም መፍትሔ አይሆንም። የሚበጀው በትዝታም ሆነ በባቲ፣ በአምባሰልም ሆነ በአንቺሆዬ ቅኝት ለፊልሙ ተብሎ አዲስ ዜማ ማሠራት ነው። ቅኝቱ የሁላችን ሀብት ነው፤ የተቀዳን ዘፈን ያለ ፈቃድ መውሰድ ግን በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀን መብት መንካት ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣውን የጎድፍሬይ ሬጂዮን ተራኪ የሌለው ፊልም «ኮያኒስካትሲ»ን እየጠቀሱ «እዚያም እኮ ሰዎች ይዘምራሉ» ብለው የሚከራከሩኝ አልጠፉም። እውነት ነው፣ ፊሊፕ ግላስ ለፊልሙ በደረሰው ሙዚቃ ውስጥ መዘምራን አሉ፤ ነገር ግን የሚዘምሩት አብዛኛው ተመልካች በማይሰማው፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ በሆኑት በሆፒዎች ቋንቋ ነው፤ ትርጉሙም የሚታየው ፊልሙ ሊያበቃ ሲል ነው።

ሁለተኛው ስህተት የቦታውን ድምፅ በሙዚቃ መቅበር ነው። አንድ ተማሪዬ አዴት አካባቢ በታኅሣሥ ያነሣውን የጤፍ ውቂያ ከዳር እስከ ዳር በማሲንቆ ሸፍኖ አመጣልኝ። ማሲንቆውን አጥፍተን ካሜራው ራሱ የቀዳውን ብቻ ከፈትነው። የበሬዎቹ ኮቴ ጭዱን ሲረግጠው የሚሰማው የታፈነ ድምፅ፣ የነጂው «ሆ! ሆ!»፣ መንሹ ጭዱን ሲያገላብጠው፣ ከዚያም ነፋሱ እብቁን ሲወስደው፣ ሁሉም እዚያው ነበረ። ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ከሰማ በኋላ «ይህን እኔ ነኝ የቀዳሁት?» አለኝ። ስለዚህ በየቦታው ማንም ሳይናገር ቢያንስ 1 ደቂቃ የአካባቢውን ድምፅ ለብቻው ቅዱ። አብዛኛው ድሮን ድምፅ አይቀዳም፤ ከላይ ያነሣችሁት ነገር ሁሉ ከምድር ድምፅ እንደሚፈልግ አትርሱ። ጢስ ዓባይ ላይ ደግሞ የፏፏቴው ድምፅ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ሁሉንም ስለሚሞላ ዋሽንት ከተደረበበት ሁለቱም ይበላሻሉ፤ አንዱ ለሌላው ቦታ መልቀቅ አለበት።

ቀጥሎ የምናገረውን ስህተት ራሴ ሠርቼዋለሁ። ቢቸና አካባቢ በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ በዐቢይ ጾም ረቡዕ ቀን፣ መቋሚያ ይዘው የቆሙ ካህናትን አነሣሁ። ነፋስ ድምፁን ስላበላሸብኝ በጥር ለጥምቀት የቀዳሁትን ከበሮና ጽናጽል ደረብሁበት፤ ለጆሮዬም ያማረ መሰለኝ። ፊልሙን ለመንደሩ ሰው ባሳየሁ ጊዜ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ጠሩኝና «ልጄ፣ ይህን ያነሣኸው በየትኛው ወር ነው?» አሉኝ። «በመጋቢት ነው፣ የኔታ» አልኋቸው። «ታዲያ ከበሮውን ማን መታው?» አሉ። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጽናጽል ቀርተው የጾሙ ዜማ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ብቻ እንደሚባል የማላውቅ ሰው አልነበርሁም፤ ያሳተኝ ችኮላ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጾሙን ጠብቄ ተመልሼ ቀዳሁ። ቃል በሌለበት ፊልም ተመልካቹ ወሩንና በዓሉን የሚያውቀው በድምፁ ነው፤ የተሳሳተ ከበሮ የተሳሳተ ትረካ ማለት ነው። ሠርግ ላይ በገና መደረብም ያው ነው፤ በገና የጸሎትና የጾም መሣሪያ ነውና።

ምስልን በየምቱ መቁረጥ ሌላው የጀማሪ ፈተና ነው። በደቂቃ 120 ምት ያለው ሙዚቃ በየግማሽ ሰከንዱ ይመታል፤ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ስትሠሩ ለአንድ ቁራጭ የሚደርሰው 12 ወይም 13 ፍሬም ብቻ ይሆናል። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው መቅዘፊያውን ነክሮ እስኪያወጣ ግን ሁለትና ሦስት ሰከንድ ይፈልጋል። ስለዚህ በየምቱ የተቆረጠ ቀዛፊ ሥራውን ሲጨርስ አይታይም። መጀመሪያ እርሱ የሚቀዝፍበትን ፍጥነት ቁጠሩ፣ ሙዚቀኛውም በዚያ ፍጥነት ይጫወት።

የ3 ደቂቃ ሙዚቃ እየደጋገሙ 20 ደቂቃ መሙላት ተመልካቹን ያሰለቻል፤ ከዚያ ዝምታ ይሻላል።

ሚክሲንጉን፣ ማለትም ድምፆቹን የማመጣጠኑን ሥራ፣ በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ጨርሶ መልቀቅም አይገባም፤ አብዛኛው ሰው የሚያየው በስልክ ነው። የበገና 10 አውታሮች ወፍራም ድምፅ በስልክ ስፒከር ላይ ይሳሳል፤ የሚቀረው ከአውታሮቹ ሥር በሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ በእንዚራው፣ ምክንያት የሚፈጠረው ንዝረት ነው። እኔ ከመልቀቄ በፊት በስልክ ከፍቼ፣ ምድጃ በሚነድበትና ሰው በሚጨዋወትበት ቤት ውስጥ አስቀምጬ አንድ ጊዜ እሰማዋለሁ፤ በገናው ከጠፋ ወደ ኤዲቲንግ እመለሳለሁ።