ከእንቅልፍ ሳይቀንሱ ለፈተና መዘጋጀት

የጥናት ፕሮግራም የሚያወጣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱን ለትምህርት ዓይነቶች ደልድሎ ከጨረሰ በኋላ የተረፈውን ለእንቅልፍ ይተወዋል። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር መሠረት ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣቶች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባቸዋል። ስለዚህ ከጠዋቱ 12፡00 የሚነሳ ተማሪ ቢዘገይ ከምሽቱ 4፡00 ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል ማለት ነው፤ ጥናቱም ከዚያ በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደለደላል።

ጊዜው የማይበቃ ከሆነ የሚቀነሰው የጥናቱ መጠን እንጂ እንቅልፉ መሆን የለበትም። ቀን የተጠናው ነገር በማስታወስ ችሎታ ውስጥ የሚጸናው በአመዛኙ በእንቅልፍ ጊዜ በመሆኑ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ ያደረ ተማሪ ያነበበውን ራሱን ለመርሳት ይጋለጣል፤ በማግስቱም ትኩረቱ ይዳከማል። እስከ እኩለ ሌሊት የሚበራ መብራት የትጋት ምልክት የሚመስላቸው ወላጆችም ይህን ቢያጤኑት መልካም ነው። ከባዱ ትምህርት አእምሮ ሳይደክም በመጀመሪያ ይጠና፤ አንድን ምዕራፍ በአንድ ሌሊት ከመጨረስ ይልቅ በተለያዩ ቀናት ከፋፍሎ መከለስ፣ መጽሐፉን ዘግቶም ራስን መጠየቅ የበለጠ ያስታውሳል።

በጉርምስና ዕድሜ እንቅልፍ እንዲመጣ የሚረዳው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ከልጅነት ጊዜው ዘግይቶ ስለሚመነጭ እንቅልፍ ቶሎ አለመምጣቱ ስንፍና አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ በ2014 እ.ኤ.አ. የእነዚህ ተማሪዎች ትምህርት ከጠዋቱ 2፡30 በፊት እንዳይጀመር የመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው። የትምህርት ቤቱን ሰዓት መለወጥ የማይችል ተማሪ ግን ብርሃንን ሊጠቀምበት ይችላል፤ ጠዋት ወደ ውጭ መውጣት፣ ማታ ደግሞ መብራት መቀነስና ስልክን ከመኝታ ክፍል ውጭ ማሳደር ይረዳዋል።

በቡና ውስጥ የሚገኘው አነቃቂ ንጥረ ነገር የካፌይን ግማሽ ያህሉ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ፣ ከቀኑ 10፡00 የተጠጣ ቡና ከምሽቱ 3፡00ም ሥራውን አያቆምም። ድካም ሲበረታ ከሰዓት በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ማሸለብ ይሻላል። በዕረፍት ቀናትም የመነሻ ሰዓትን ከአንድ ሰዓት በላይ አለማዛባት ይመከራል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት ከቀጠለ፣ ወይም ጭንቀትና ተስፋ መቁረጥ ከታከለበት፣ የፈተናው ወቅት እስኪያልፍ ሳይጠበቅ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።