የበረዶ ውሽንፍርን ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ አሜሪካ ወይም ካናዳ ዘመድ ያለው ቤት አይጠፋም። የእነርሱ ክረምት ሲከፋ «ብሊዛርድ መጣ» የሚለው ወሬ እኛም ጋ ይደርሳል፤ ብሊዛርድ ማለት ኃይለኛ ነፋስ የሚነዳው የበረዶ ውሽንፍር ነው። ወሬውን ወደ አማርኛ የምንመልስ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ አንባቢውን እናሳስተዋለን።

ትልቁ ስህተት «ከባድ በረዶ ዘነበ» ብሎ ማለፍ ነው። ጅማ ላይ በረዶ ማለት ቆርቆሮ የሚደበድብ፣ በመጋቢት ከወረደ የፈካውን የቡና አበባ የሚያረግፍ ጠጠር ነው። ለጥቂት ጊዜ ወርዶ ያባራል፤ ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣል። ሂርማታ ገበያ የምትነግድ እናት ሚኒሶታ ያለው ልጇ «በረዶ መንገድ ዘጋብን» ሲላት በዓይኗ የሚመጣው ይህ ነው፤ «ታዲያ እስኪያባራ ብትጠለል ምን አለበት፣ ልጄ?» ትለዋለች። የዚያ አገሩ በረዶ ግን እንደ ባዘቶ የሳሳ፣ ሲወርድ ድምፅ የሌለው፣ ለሳምንታት መሬት ላይ የሚተኛ ነው። አማርኛችን ሁለቱንም በረዶ ስለሚል ጸሐፊው ልዩነቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር የማስረዳት ግዴታ አለበት።

ሁለተኛው፣ ነገሩን በበረዶው ብዛት መለካት ነው። ዋናው ነፋሱ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ብሊዛርድ የሚለው ነፋሱ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሲነፍስ፣ የሚቦነው በረዶ 400 ሜትር ያህል እንኳ ማየት ሲከለክልና ይህ ሁኔታ ቢያንስ 3 ሰዓት ሲቆይ ነው። ከሰማይ አንዲት ቅንጣት ባትወርድም፣ ቀድሞ የተኛውን በረዶ ነፋስ ካነሳው ብሊዛርድ ነው። ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ ቤቱ የሚጠፋው ለዚህ ነው። እኔ «የበረዶ ውሽንፍር» የሚለውን የምመርጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውሽንፍር ነፋስ እየነዳ በበር በመስኮት የሚያስገባው ዝናብ መሆኑን ማንም ያውቃል። «የበረዶ ናዳ» ከተራራ የሚንሸራተት ሌላ አደጋ ነው። ውርጭም ሌላ ነው፤ ነፋስ በሌለበት ጥርት ያለ ሌሊት ይወርዳል።

ጉዳዩን የአሜሪካ ብቻ አድርጎ ማቅረብም ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1888 ኒው ዮርክንና አካባቢዋን የመታው ውሽንፍር 400 ያህል ሰው ገድሏል፤ በየካቲት 1972 ኢራን ውስጥ የወረደው ግን 4,000 ያህል ሰው ጨርሷል።

ወደ ዘይቤው ስንመጣ ስህተቱ ይበዛል። እንግሊዝኛው ጥያቄም ወረቀትም ሲበዛ ብሊዛርድ ይላል። ያንን ቃል በቃል ወስዶ «የጥያቄ የበረዶ ውሽንፍር ወረደበት» ብሎ መጻፍ አማርኛውን ማጉበጥ ነው። እኛ የጥያቄ ናዳ፣ የስድብ ውርጅብኝ እንላለን፤ ደብዳቤም ይጎርፋል። «ጥይት እንደ በረዶ ዘነበ» ስንል ያምራል፣ የእኛ በረዶ የሚመታ ነውና። ይህን ሀብት ይዞ መበደር ያሳዝነኛል።

ብሊዛርድ የሚለው ቃል መጀመሪያም ለበረዶ የተፈጠረ የሚመስላቸውም አሉ። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ቃሉ በ19ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ኃይለኛ ምት ወይም የተኩስ እሩምታ ማለት ነበር፤ ለበረዶ መዋል የተለመደው በ1870ዎቹ ነው። ስለዚህ የ1830ዎቹን ጽሑፍ የሚተረጉም ሰው ቃሉን ሲያገኝ በረዶ ማምጣት የለበትም።

በመጨረሻ፣ ሁለቱን አጠቃቀሞች በአንድ ዜና ውስጥ አትቀላቅሉ። ሰዎች በውሽንፍር መሞታቸውን ነግራችሁ በሚቀጥለው አንቀጽ «ከንቲባው የቅሬታ ውሽንፍር ገጠማቸው» ካላችሁ የሟቾቹን ነገር ታቃልሉታላችሁ። እዚያ ቦታ ላይ «ብዙ ቅሬታ ቀረበባቸው» ይበቃል።