ክፍል ሁለት ሲሠራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አንድ ፊልም ተሳክቶ ሲኒማ ቤቱን ከሞላ ጥያቄው ወዲያው ይመጣል፦ ክፍል ሁለት መቼ ነው? ገንዘብ ያወጣው ፕሮዲውሰር ይጠይቃል፣ ተመልካቹም ይጠይቃል። ጥያቄው አንድ ይምሰል እንጂ ፍላጎታቸው ለየቅል ነው። ፕሮዲውሰሩ የሠራለት ነገር እንዲደገም ይፈልጋል። ተመልካቹ ደግሞ እነዚያ የወደዳቸው ሰዎች ከዚያ በኋላ ምን እንደገጠማቸው ማወቅ ነው የሚፈልገው። እኔ እስከማየው ድረስ ብዙ ተከታታይ ፊልሞች መንገድ የሚስቱት እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያው ፊልም ሰዎቹን ለውጧቸዋል። ቀጣዩ ክፍል ከዚያ ለውጥ መነሳት ሲገባው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ እንደ አዲስ ይጀምራል።

"ክፍል ሁለት መቼም አንዱን አያክልም" የሚባለው ግን እውነት አይደለም። በ1974 የወጣው ዘ ጎድፋዘር ክፍል ሁለት የኦስካርን የምርጥ ፊልም ሽልማት ያሸነፈ የመጀመሪያው ተከታይ ክፍል ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የፊልሞቹንም መጨረሻ እየተናገርኩ ስለምሄድ፣ ያላያችሁት ካለ ከወዲሁ እወቁት።) አሳምሮ መቀጠል ይቻላል ማለት ነው። የሚያበላሹትን ነገሮች እንያቸው።

ያንኑ ፊልም ቦታ ቀይሮ መሥራት

በጣም የተለመደው ይሄ ነው። በ2009 የወጣው ዘ ሀንግኦቨር ሲጠጡ አድረው ምንም ሳያስታውሱ የነቁ፣ የጠፋ ጓደኛቸውንም ፍለጋ የሚባዝኑ ሰዎች ታሪክ ነው። የሚይዘን እኛም ከእነሱ እኩል ምንም ስለማናውቅ ነው። የ2011ዱ ክፍል ሁለት ይህንኑ ከላስ ቬጋስ ወደ ባንኮክ ወስዶ ደገመው። እንደገና ሰርግ፣ እንደገና ስካር፣ እንደገና የጠፋ ሰው። ገንዘቡን አፈሰ። ሦስተኛው በ2013 ሲመጣ ግን ገቢው በጣም አሽቆለቆለ።

ብዙ ፕሮዲውሰሮች የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው። የክፍል ሁለት ትኬት የሚሸጠው በክፍል አንድ ስም ነው። ሰው ትኬት የሚቆርጠው ፊልሙን ሳያየው ስለሆነ፣ መሰልቸቱ የሚታወቀው በሚቀጥለው ክፍል ነው። "አትርፏል፣ ስለዚህ ተወዷል" ብሎ መደምደም አይቻልም።

አሁን ደግሞ የኤሊየንን ክፍል ሁለት፣ ኤሊየንስን እዩ። ሪድሊ ስኮት በ1979 የሠራው ኤሊየን አንድ ፍጡር በአንድ የጠፈር መርከብ ውስጥ ሰዎችን አንድ በአንድ የሚለቅምበት ሆረር ነበር። ጄምስ ካሜሮን በ1986 ሲረከበው ወታደሮች አስገባ፣ ፍጡሮቹን አበዛቸው፣ ሆረሩንም ወደ ጦርነት ፊልም ለወጠው። ይሄ ከላይ የሚታየው ነው። ውስጡ ሲታይ ግን ዋናዋ ገጸ ባህርይ ሪፕሊ ከመጀመሪያው ፊልም መጨረሻ በኋላ 57 ዓመት ጠፈር ላይ ተኝታ ነው የምትነቃው። ሌሊት እየባነነች ትነሳለች። የደረሰባትን ስትናገር የድርጅቱ አለቆች አያምኗትም፤ የሥራ ፈቃዷንም ይነጥቋታል። ፍጡሩ ወደተገኘበት ቦታ ተመልሳ የምትሄደው እንዲህ ሆና ነው። ፊልሙ ገና አንድ ጥይት ሳይተኮስበት ይዞናል።

ማግዘፍን ማሻሻል አድርጎ መቁጠር

ስፒድ (1994) በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፦ አውቶቡሱ ፍጥነቱ በሰዓት ከ50 ማይል፣ ማለትም ከ80 ኪሎ ሜትር ገደማ በታች ከወረደ ይፈነዳል። በቃ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ መታጠፊያ፣ እያንዳንዱ የመንገድ መጨናነቅ፣ ድንገት መንገድ ላይ የገባ የሕፃን ጋሪ ሳይቀር ልብ ያንጠለጥላል። በ1997 የመጣው ክፍል ሁለት አውቶቡሱን በትልቅ የመዝናኛ መርከብ ተካው። መርከቡ ከአውቶቡሱ በስንት እጥፍ ይበልጣል፤ በጀቱም እንደዚያው። ግን መርከብ ቀስ ቢል ማን ይደነግጣል? ተመልካቹ በልቡ ይዞት የነበረው ሕግ ጠፋ። ዋናው ተዋናይ ኪያኑ ሪቭስም አልሠራም ብሎ ቀርቷል።

ዳይ ሃርድ ላይ የሆነው ደግሞ ቀስ በቀስ የመጣ ነው። በ1988ቱ ፊልም ዋናው ገጸ ባህርይ ጆን ማክሌን ጫማ የለውም። ጠላቶቹ ይህን ሲያውቁ መስታወቱን በጥይት ያረግፉበታል። በስብርባሪው ላይ በባዶ እግሩ ይሮጣል። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ይቀመጥና ስብርባሪውን ከእግሩ እየነቀለ፣ ፊቱን አይቶት ከማያውቀው ፖሊስ ጋር በሬዲዮ ያወራል። በሕይወት ላልወጣ ስለምችል ሚስቴን ይቅርታ ብሏል በልልኝ ይለዋል። ማክሌንን ማክሌን ያደረገው ያ ትዕይንት ነው። በ2013 በወጣው አምስተኛው ክፍል ግን ያው ሰውዬ ከፎቅ ዘሎ ይወርድና ተነስቶ ይሄዳል። ለማይጎዳ ሰው መጨነቅ ከባድ ነው።

ተከታታይ ፊልም አይደግ ማለቴ አይደለም። ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ በ2001 ሲጀምር የመንገድ ላይ የመኪና ውድድር ፊልም ነበር። በ2011 አምስተኛው ክፍል ወደ ዝርፊያ ፊልም ዞረና በጣም ገዘፈ። ሲገዝፍ ግን ከቀደሙት ክፍሎች የምናውቃቸውን ሰዎች አንድ ላይ ሰብስቦ ነው። መኪናው ለሚያጓጓውም፣ ሰዎቹ ለናፈቁትም የሚሆን ነገር ነበረው።

ያለፈውን ክፍል ፍጻሜ መሰረዝ

እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው።

ኤሊየንስ መጨረሻ ላይ ሪፕሊ ኒውት የምትባለውን ትንሽ ልጅ ለማዳን ብቻዋን ወደ ፍጡሮቹ ጎሬ ትወርዳለች። ልጅቷን ይዛ ስትወጣ ተመልካቹ እፎይ ይላል። በ1992 የመጣው ኤሊየን 3 ገና የሠሪዎቹ ስም ስክሪኑ ላይ እየታየ ሳለ አደጋውን ያስጀምርና ኒውትን ይገድላታል። ከውጊያው የተረፈውን ወታደር ሂክስንም እንዲሁ። ተመልካቹ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጨነቅላቸው የነበሩ ሰዎች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አለቁ።

ያ ውሳኔ የ1992ቱን ፊልም ብቻ አይደለም የጎዳው። ወደ ኋላ ተመልሶ የ1986ቱንም ጎድቶታል። አሁን ኤሊየንስን ደግሞ የሚያይ ሰው፣ ልጅቷ ብዙም እንደማትቆይ እያወቀ ነው የሚያየው።

ተርሚኔተርም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል። የመጀመሪያው (1984) ሰዎችን በማሽኖች ላይ የሚመራው ጆን ኮነር እንዲወለድ፣ ሁለተኛው (1991) ደግሞ እንዳይገደል የተደረገ ትግል ነው። በ2019 የመጣው ዳርክ ፌት ልጁን ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ገደለው። ስታር ዋርስ በበኩሉ በ1983 እስከ ወዲያኛው የተሸኘውን ክፉ ንጉሠ ነገሥት በ2019 መልሶ አመጣው። መመለሱን የምንሰማው በመክፈቻው ጽሑፍ ነው። እንዴት ተረፈ ብሎ ለሚጠይቅ የሚያጠግብ መልስ የለም። አባት ልጁን ለማዳን ሲል ንጉሠ ነገሥቱን ገድሎ ሕይወቱን የሰጠበት ያ የ1983ቱ መጨረሻ ምን ሊባል ነው ታዲያ?

ሰው አይሙት አላልኩም። ዋናው ገጸ ባህርይ ሊሞት ይችላል፤ መሞት ያለበትም ጊዜ አለ። ግን ሞቱ በታሪኩ ውስጥ ይምጣ፣ እንቅረበው፣ እንዘንበት። አዲሱን ታሪክ ለመጀመር እንዲመች ተብሎ ብቻ ሰው ሲወገድ፣ ተመልካቹ አንድ ነገር ይማራል፦ ከእንግዲህ ለማንም አልጨነቅም። ይህን የተማረ ሰው ለሚቀጥለው ክፍል ትኬት አይቆርጥም።

የጎኑን ሰው መሀል ላይ ማውጣት

በ2003ቱ ፓይሬትስ ኦፍ ዘ ካሪቢያን ጆኒ ዴፕ የተጫወተው የባሕር ወንበዴ ጃክ ስፓሮው የሁሉንም ዓይን ወሰደ። ታሪኩን የተሸከሙት ግን ፍቅረኞቹ ዊልና ኤልሳቤጥ ነበሩ። እነሱ የሚፈልጉትን ስለምናውቅ ነው የእሱ አለመጨበጥ የሚጥመው። በ2011 አራተኛው ክፍል ሁለቱን አስወጥቶ ጃክን መሀል አደረገው። በዓለም ዙሪያ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፣ ይህን አልክድም። ግን ያ አስገራሚ ሰው በእሱ ከሚደነቅ ሰው ጋር ካልሆነ ቶሎ ይለመዳል። ቅመም ብቻውን አይበላም።

ክፍል አንድ ሳይቆም ክፍል አምስትን ማወጅ

በ2017 ቶም ክሩዝ የሠራበት ዘ ማሚ ሲወጣ፣ ስቱዲዮው የሚቀጥሉትን ፊልሞች ስብስብ ዳርክ ዩኒቨርስ ብሎ ስም አውጥቶለት ነበር። የተዋንያኑን የቡድን ፎቶ ለቋል፤ ዓርማውንም ፊልሙ መጀመሪያ ላይ አሳይቷል። ፊልሙ ውስጥም ስለ አንድ ምስጢራዊ ድርጅት ረጅም ማብራሪያ አለ። ድርጅቱ ለሚመጡት ፊልሞች ያስፈልጋል። ለያዝነው ታሪክ ግን ያን ያህል አይጠቅምም። ተመልካቹ የተጠበቀውን ያህል አልመጣም፤ ዕቅዱም ተተወ።

አይረን ማን በ2008 ሲወጣ ያደረገው ሌላ ነው። ታሪኩን ራሱን ችሎ ጨረሰ። የሚመጣውን የጠቆመው የስም ዝርዝሩ ካለፈ በኋላ በመጣች አንዲት አጭር ትዕይንት ነው። ተነስቶ የወጣ ሰው ምንም አልቀረበትም። ጀግኖቹን አንድ ላይ ያመጣው አቬንጀርስ የወጣው ከዚያ አራት ዓመት ቆይቶ፣ አይረን ማንን ጨምሮ አምስት ፊልሞች ከወጡ በኋላ ነው። ተመልካቹ መጀመሪያ ሰዎቹን ወደደ፣ ከዚያ አብረው ሊያያቸው ጓጓ።

አንዱን ታሪክ ለሁለት መሰንጠቅ

ከተከታታይ መጻሕፍት የተሠራው ዳይቨርጀንት የመጨረሻውን መጽሐፍ ለሁለት ፊልም ከፈለው። የመጀመሪያው ግማሽ አሊጂያንት በ2016 ወጥቶ ከሰረ። ሁለተኛው ግማሽ ጭራሽ ሳይቀረጽ ቀረ። ስንት ዓመት የተከተሉት ሰዎች መጨረሻውን በፊልም ሳያዩት ቀሩ።

የሕንዱ ባሁባሊ ደግሞ ከሁለት መከፈል ጠቅሞታል። በ2015 የወጣው ክፍል አንድ ትልቁን ጦርነት አሳየን፣ ድሉንም ጨረሰልን። ከዚያ በመጨረሻዋ ደቂቃ ጀግናውን የገደለው የራሱ ታማኝ አገልጋይ ካታፓ መሆኑን ነገረን። ለምን ገደለው? ይህ አንድ ጥያቄ በ2017 ክፍል ሁለት እስኪመጣ ድረስ ሕንድን ሲያነጋግር ከረመ። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ባሁባሊ የሚያጠግብ ነገር ሰጥቶ አንድ ጥያቄ አስቀረ። አሊጂያንት ግማሽ ታሪክ ሰጥቶ "ቀሪውን ኋላ" አለ።

አዲስ ተመልካች የለም ብሎ ማሰብ

ስድስት ፊልም ካላየህ ሰባተኛው አይገባህም የሚባል ከሆነ፣ ታዳሚው እያደር መመናመኑ አይቀርም። ማድ ማክስ፦ ፊውሪ ሮድ በ2015 ሲወጣ ካለፈው ክፍል 30 ዓመት ሆኖት ነበር። የቀደሙትን ጨርሶ ያላየ ሰው ግን በደቂቃዎች ውስጥ ማን ማንን እንደሚያሳድድ ይገባዋል። የድሮው ወዳጅ ደግሞ የራሱን ተጨማሪ ያገኛል።

ናፍቆት ብቻውን ይበቃል ማለት

የድሮው ተዋናይ በር ከፍቶ ሲገባ ሲኒማ ቤቱ ያጨበጭባል። ጭብጨባው ሲያበቃስ? ብዙ ፊልሞች ለዚህ አላሰቡበትም። የድሮ ንግግር ይደግማሉ፣ የድሮ መኪና ያሳያሉ፣ እዚያው ይቆማሉ።

ቶፕ ገን፦ ማቬሪክ ከመጀመሪያው 36 ዓመት ቆይቶ በ2022 ሲመጣ ናፍቆቱን በደንብ ተጠቅሞበታል። ታሪኩ የቆመው ግን በ1986ቱ ፊልም በሞተው የፓይለቱ የማቬሪክ ጓደኛ በጉስ ላይ ነው። የጉስ ልጅ አድጓል፣ እሱም ፓይለት ሆኗል፣ በማቬሪክም ቂም ይዟል። ማቬሪክ ልጁን ወደ ሞት መላክ አይችልም፤ አልልክም ቢል ደግሞ ልጁን ያጣዋል። የድሮ ባላንጣው የአይስማን ትዕይንትም አለ። ተዋናዩ ቫል ኪልመር በጉሮሮ ካንሰር ድምፁን አጥቶ ነበር፤ ገጸ ባህርዩም ታሞ በአብዛኛው ሐሳቡን ኮምፒውተር ላይ እየጻፈ ነው የሚናገረው። ፊልሙ የሰውየውን መታመም አልደበቀም፣ ታሪኩ ውስጥ አስገባው። ያኔ ባላንጣ የነበሩት ሁለት ሰዎች ተቃቅፈው ሲቆሙ የተመልካቹ እንባ የሚመጣው 36ቱ ዓመት እውነተኛ ስለሆነ ነው።

ክሪድም (2015) መንገዱ ያው ነው። በ1985ቱ ሮኪ 4 ቀለበት ውስጥ የሞተው ቦክሰኛው አፖሎ ልጅ ትቶ ነበር፤ ታሪኩ የልጁ ነው። ስታሎን የድሮውን ቦክሰኛ ሮኪን ሆኖ የተመለሰው አርጅቶና ታሞ፣ አሰልጣኝ ሆኖ ነው። ሊደባደብ አልመጣም።

ማለቅን መፍራት

የሚቀጥለው ክፍል እንዳይዘጋ በመስጋት መቼም የማይጨርሱ ፊልሞች አሉ። ማንም አይሞትም፣ ማንም አያረጅም፣ ምንም አይወሰንም። ጄምስ ቦንድ ከ1962 ጀምሮ ለአርባ ዓመታት በአብዛኛው እንዲህ ነበር የሄደው፤ ተዋናዩ ይቀየራል፣ ሰውየው ያው ነው። በ2006 ካዚኖ ሮያል ከመጀመሪያው ጀመረ። ዳንኤል ክሬግ የተጫወተው ቦንድ ቬስፐር የምትባል ሴት ወድዶ አጣ። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በአምስተኛው ፊልሙ፣ መቃብሯን ሊጎበኝ ሲሄድ እናየዋለን። በዚያው ፊልም መጨረሻም ይሞታል። ተከታታዩ ግን አልተዘጋም፤ የተዘጋው የዚህኛው ቦንድ ሕይወት ነው። ቀጣዩ ተዋናይ የራሱን ቦንድ ከአንድ ብሎ መጀመር ይችላል።